ቀድሞ የሳቀ

ባለቤቴ ሰሞኑን በጣም ጨዋ ሆኗል። «ሻይ ልቅዳልሽ?» ይለኛል፤ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» እለዋለሁ። በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል፤ ቴሌቪዥኑን ሳልጠይቀው ይቀንስልኛል። እንዲህ የሆነው ከተጣላን ወዲህ ነው፤ ጠባችን በምን እንደተነሳ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ በመጋረጃ ነው። ይህን ጨዋነት ጎረቤት ቢያይ ይቀናብናል። እኔ ግን ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን መስኮት እመላለሳለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋነት አንድ ጊዜ ወላጆቼ ቤት ገብቶ ስለነበር አውቀዋለሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩና ሰላም መስሎኝ ነበር።

እናትና አባቴ ሶፋ ሠሪዎች ነበሩ። አባዬ እንጨቱን ይገጣጥማል፣ ስፖንጁን ይሞላል፣ ጨርቁን ወጥሮ ይመታል፤ እማዬ ልብሱን ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ሱቁ ከፊት ነው፣ ቤታችን ከኋላ፤ በመካከላቸው ከሶፋ ቁርጥራጭ የተሰፋ መጋረጃ አለ። የሙጫው ሽታ ከእኛ ጋር ያድራል። የስፖንጅ ፍርፋሪ ሹራቤ ላይ ተለጥፎ ትምህርት ቤት ይሄዳል። አባዬ ሲሠራ ትንንሾቹን ምስማሮች በአፉ ይይዛቸዋል፤ በከንፈሩ አንድ አንድ እያወጣ፣ በጣቱ ይዞ፣ በመዶሻ ጠብ ያደርጋቸዋል። በዚያ ሰዓት ቢጠሩት መልሱ «እም» ብቻ ነው።

ሶፋ አልቆ ለባለቤቱ ከመሰጠቱ በፊት ይፈተናል። አባዬ የራሱ ፍልስፍና ነበረው። «ሰው ሲፋቀር ድንጋይም ይመቸዋል» ይል ነበር። «ሶፋ የሚታወቀው ባልና ሚስት ሲኳረፉበት ነው። አንዱ ወዲያ ሲዞር፣ አንዷ ብድግ ቁጭ ስትል፣ ያን ጊዜ ነው እንጨቱ ጉዱን የሚያወጣው።» ስለዚህ ሶፋ ባለቀ ቁጥር ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ይቀመጡና ይጣላሉ። ሲጣሉ ሶፋውን ሊገዙ የመጡ ትልልቅ ሰዎች ይሆናሉ፤ እሱ «እመቤቴ» ይላታል፣ እሷ «ጌታዬ» ትለዋለች፤ አንተና አንቺ ቀርቶ «እርስዎ» ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀድሞ የሳቀ ተሸነፈ። የተሸነፈ ደግሞ የሌላውን ሐሳብ ይቀበላል።

እኔ ጠቡ የሥራው አንድ ክፍል ይመስለኝ ነበር፤ መጀመሪያ እንጨት፣ ከዚያ ስፖንጅ፣ ከዚያ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ጠብ። መምህሯ «ሶፋ እንዴት ነው የሚሠራው? እስቲ ንገሪን» ብትለኝ «መጨረሻ ላይ እናትና አባት ይጣሉበታል» ብዬ አስደንግጫታለሁ።

አንድ ቀን፣ አስታውሳለሁ፣ አባዬ ሳያማክራት ለደንበኛ «ቅዳሜ ይደርሳል» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር።

«እመቤቴ፣ ይህ ሶፋ ትንሽ ይቆረቁራል» አለ፣ ተደላድሎ።

«ጌታዬ፣ የሚቆረቁርዎ ሶፋው አይደለም፤ ሳይጠይቁኝ የገቡት ቃል ነው።»

«እርስዎን ተማምኜ ነዋ! እርስዎ እኮ እንኳን የሶፋ ልብስ፣ ዝሆን ቢያመጡልዎ እስከ ቅዳሜ ሱሪ ይሰፉለታል።»

«ዝሆኑ ይሻለኛል። ቢያንስ አፉ አይቸኩልም።»

«ይሻላል፣ ግን ልክ ሲወስዱት ሆዱን ይነፋብዎታል» አለና አባዬ ሆዱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀመጠላት።

የእማዬ ሳቅ ከትከሻዋ ነው የሚጀምረው። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እጇ ወደ አፏ ሄደ፣ ከዚያ አለቀላት። «ተሸነፉ!» አለ አባዬ። እማዬም እያጉረመረመች፣ ደግሞ በመሃል ብቻዋን ፈገግ እያለች እስከ ቅዳሜ ሰፋች።

ዛሬ ሳስበው በዚያ ቤት የነበረው እውነተኛ ጠብ ሁሉ ያለቀው በሰው ሶፋ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ቢባል የሚያቆስለው ነገር እዚያ በ«ጌታዬ» እና በ«እመቤቴ» ተሸፍኖ ይባላል፤ ሰሚውም የሚችለውን ያህል ይወስዳል። ይህ ግን የዛሬ እውቀቴ ነው። ያኔ የማየው እናቴ ሁልጊዜ ስትሸነፍ ነበር። በሩ እሷ ያልወደደችውን ቀለም ተቀባ፤ ሬዲዮው እሱ የፈለገበት ተቀመጠ፤ የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ጓዳችን ገብታ ኑሮዋን አደረገች፤ ሁሉም በሳቅ። እናቴ ሳቅ ላይ ደካማ ናት ብዬ ደመደምኩ፤ በእሷ ፋንታ እበግን ነበር።

አክስቴ አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበራት፤ ስትተኛ አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የእማዬን ሳቅ ስትሰማ ራሷን እየነቀነቀች «ጥርስ ባዳ ነው» ትላለች። ስለ ራሷ ጥርስ የምታወራ መስሎኝ «አዎ፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድር ምን ዘመድ ይሆናል» እያልኩ በልቤ አዝንላት ነበር። ሆድ እያዘነም ጥርስ ይስቃል ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ መጣ። እንደ ሌላው ደንበኛ ሶፋው ላይ አልዘለለም፤ ትራሱን አንስቶ ዚፑን ከፈተና ስፌቱን ከውስጥ በኩል ገልብጦ አየው። እናቴ የሠራችውን ከውስጥ የሚያይ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?»

«ምስማሩ የእኔ ነው» አለ አባዬ። «የቀረው ሁሉ የእሷ።»

ሰውየው ወደ እማዬ ዞረ። ግማሽ ቀን በመኪና የሚያስኬድ ትልቅ ከተማ ውስጥ የሶፋ ፋብሪካ እንዳላቸው ነገራት። «የስፌት ክፍሉን በሙሉ እርስዎ ይመሩልናል» አላት። «እርስዎ» ሲላት ሶፋ የሚፈትን መሰለኝና የእማዬን መልስ ለመስማት ጆሮዬን አቆምኩ። እማዬ ግን አልቀለደችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች፤ «እኔ?» አለች። የክፍሉም ነገር አልገባኝም፤ እኛ ቤት ክፍል ሞልቶ የሰው ክፍል ምን ያደርግላታል ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ማንም ዐርፎ አልተቀመጠም። የእማዬ የስፌት መኪና ፔዳል እንደ ድሮው በልኩ አይሄድም፤ ይሮጣል፣ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይሮጣል። የሰፋችውን ትፈታለች፣ የፈታችውን ትሰፋለች። አባዬ መዶሻውን ከእጁ አላወርድ አለ። እማዬ «ስማ እንጂ፣ ስለዚያ ነገር…» ማለት ስትጀምር ከቆርቆሮው ምስማር ዝግን አድርጎ አፉ ውስጥ ይከታል፤ «እም»። አክስቴ «ይህ ሰውዬ አፉን ሞልቶ መናገር አቃተው» ስትል፣ «አፉ እኮ ሞልቷል» ብዬ መለስኩላት።

ስለዚህ እማዬ የሶፋ ፈተና መጠበቅ ነበረባት። በመጀመሪያ ባለቀው አረንጓዴ ሶፋ ላይ ጀመረች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።»

«ስለ ፋብሪካው ከሆነ አስቤበታለሁ፣ እመቤቴ። እርስዎ ከሄዱ እኔ ልብስ የሌለው ወንበር መሆኔ ነው። ራቁቴን አደባባይ ልቆም ነው?» አለና በሁለት እጁ ራሱን ሸፈነ።

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቀች። ዓይኗን በመሐረብ ስትጠርግ ትንሽ ቆየች። በቀጣዩ ሶፋ ላይ ገና አፏን ሳትከፍት እሱ ቀደማት፤ «አለቃ ሲሆኑ እኔ በቀጠሮ ነው የማገኝዎ?» አላት። አሁንም ሳቀች፤ አሁንም ተሸነፈች። ሳቋ ግን አጭር ነበር።

አባዬ ፈርቶ ነበር። ይህን ራሱ ነው ከብዙ ዓመት በኋላ የነገረኝ። በዚያ ከተማ እሱን የሚያውቀው የለም፤ እሷ ክፍል ስትመራ እሱ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይሆናል። ይህን በቀጥታ «ፈራሁ» ብሎ መናገር ሞት መሰለው። ቀልዱ ድሮ እሷን ለማቅረብ ነበር፤ አሁን እሷን ለማራቅ ሆነ። እሷ ደግሞ ልዩነቱን ከእሱ ቀድማ አወቀች።

እኔ የማውቀው ጨዋታውን ብቻ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ስታጥብ ቀሚሷን ጎተትኳት።

«እማዬ፣ ሳቅሽ ሲመጣ ጉንጭሽን ከውስጥ ንከሺው። እኔ መምህሯ ስትቆጣ እንደዚያ ነው የማደርገው።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። «ያማል?»

«ትንሽ።»

«እሺ» አለች፣ «እሞክረዋለሁ።»

ቀጥሎ ያለቀው አንድ ዳኛ ያዘዘው ሶፋ ነው። ቡናማ፣ ሰፊ፣ ሦስት ሰው ዘርግቶ የሚያስቀምጥ። እኔ መደገፊያው አጠገብ ቆምኩ፤ እግሬ አላርፍ ብሎኝ ወለሉን እደልቃለሁ።

«እመቤቴ፣ በዚህ ሶፋ ላይ የዋሸ ይፈረድበታል» አለ አባዬ።

«እንግዲያው እውነቱን ልናገር፣ ጌታዬ። ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ! መጠበቂያ ወንበር እንሠራለታለን።»

የእማዬን ትከሻ አየሁ። አልተንቀጠቀጠም። ጉንጯን እየነከሰች ነው ብዬ ልቤ ዘለለ።

«ክፍሉን ሲመሩ እኔንም ይምሩኝ፤ በገመድ።»

እማዬ የሶፋውን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች።

«ፋብሪካው በር ላይ እቆምና ‹የአለቃዋ ባል ነኝ› እላለሁ። ዘበኛው ‹ምሳ ይዘህ ነው?› ይለኛል።» ተነሳና ሳህን እንደተሸከመ ሰው ጎንበስ ብሎ ሱቁን ዞረ፤ እግሩን እየጎተተ፣ ለማይታይ ሰው ሁሉ እጅ እየነሳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እማዬ ከሶፋው ትወድቅ ነበር። እኔ ራሴ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እማዬ ወይ ፍንክች።

አባዬ ላብ ላብ ብሎት ተመልሶ ተቀመጠ።

«ጨረስክ?» አለችው። «ጨረሱ?» አላለችም።

«እየቀለድኩ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ እየቀለድኩ አይደለም። መሄድ እፈልጋለሁ። አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል። ካልመጣህ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።»

ቃሏን ልብ አላልኩትም፤ የማየው ፊቷን ነበር። ሳቅ የለም! «እማዬ አሸነፈች!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ ተሸነፈ!» እያጨበጨብኩ መደገፊያው ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። ሌላ ጊዜ በደንበኛ ዕቃ ላይ ብወጣ ጆሮዬ ይቆነጠጥ ነበር። ያን ቀን ማንም ውረጂ አላለኝም። አባዬ ተነስቶ ከቆርቆሮው ምስማር ዘገነ፣ አፉ ውስጥ ከተተና የሚመታ ነገር ሳይኖረው ግድግዳውን እያየ ቆመ።

በቅርቡ ይህን ለእማዬ አንስቼላት ነበር፤ ጉንጭ መንከስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብዬ። ሳቀችብኝ። «ያን ሁሉ ዘመን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ መሰለሽ? እተውለት ነበር እንጂ» አለች። «ያን ቀን ጉንጬንም አልነከስኩ። ልስቅለት ፈልጌ ሳቁ አልመጣ አለኝ። እኔም ደነገጥኩ።»

ከዚያ ነው ጨዋነቱ የገባው። «ሻይ ልቅዳልህ?» «እሺ፣ አመሰግናለሁ።» «መቀሱን ታቀብለኛለህ?» «እንኩ… ማለቴ እንቺ፣ ይኸው።» ድምፅ የሚያሰማ የለም፤ የሚጮህ የለም፤ የሚያሾፍ የለም። እኔ እማዬ ስላሸነፈች ቤቱ ተስተካከለ ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። ግን ለምን እንደሆነ ሳላውቅ መቀመጥ አቃተኝ፤ የምበላው ቆሜ፣ የማነበው እየዞርኩ ሆነ። የዳኛው ሶፋ ሱቁ መሃል ተገትሯል፤ ፈተናው አላለቀምና አባዬ ሊያስወጣው አልፈለገም። ዳኛው የላከው ሰው ሊወስደው ሲመጣ «ሳይፈተን አይወጣም» ብሎ መለሰው። ሁላችንም በዙሪያው እንሄዳለን፣ ማንም አይቀመጥበትም።

እማዬ ሻንጣ አወረደች። የእኔን ልብስ ከታች፣ የእሷን ከላይ አደረገች። ለአሸናፊ የሚሰጥ ሽርሽር መሰለኝ።

«አባዬስ?» አልኳት።

«አባትሽ ሥራ አለበት» አለች፣ ካልሲ ከካልሲ ጋር እያጠቀለለች።

አክስቴ ይህን ሰምታ ጥርሷን ሳታደርግ ወደ ሱቁ ሮጠች። «አንተ!» አለችው አባዬን። «ሴት ዝም ካለች ጓዟን ጠቅልላለች ማለት ነው። አንድ ነገር ቀልድላት እንጂ!»

ያቺ ቀልድ የማትወድ ሴት! አባዬ ምስማሮቹን በመዳፉ ተፋቸው። «አለቀብኝ፣ እታለም» አላት። «ያለኝን ሁሉ ቀለድኩ።»

የፋብሪካው መኪና ጨርቅ አራግፎ ሲመለስ ሊወስደን በጠዋት ደጃፉ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አዝዬ በሩ ላይ ነበርኩ። አባዬ አንድ ወንበር ላይ አቀርቅሮ ይመታል፣ አፉ ምስማር ነው። እማዬ በሱቁ በኩል አልፋ ልትወጣ ስትል ቆም አለች። የዳኛውን ሶፋ አየችው። ከዚያ የመንገድ ልብሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በጫፉ ተቀመጠች።

«ይህ ሶፋ ፈተናው አላለቀም» አለች።

መዶሻው ቆመ። አባዬ ምስማሮቹን አንድ አንድ እያወጣ ቆርቆሮው ውስጥ ጨመረ፤ እያንዳንዱ ሲወድቅ ይሰማል። መጣና በሌላኛው ጫፍ ተቀመጠ። ሹፌሩ እንደገና ነፋ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ይቆረቁርዎታል፣ ጌታዬ?»

«ጌታዬ» ስትለው ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

«አይቆረቁርም» አለ። አፉን ከፈተ፣ አንድ ነገር ፈለገ፣ አጣው። «እመቤቴ…» ብሎ ቀረ።

«እኔ ዛሬ እሄዳለሁ፣ ጌታዬ» አለች እማዬ። «እንግዲህ ይኸው ነው።»

አባዬ ሳቀ።

መጀመሪያ በአፍንጫው እፍ አለ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ልክ እንደ እሷ፤ እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ፣ ሳቁን ግን አላቆመም። እኔ ተናደድኩ። ይህ ማጭበርበር ነው! «አባዬ!» አልኩት፣ እግሬን መሬት እየመታሁ። «ምንም እኮ አላለችም! ምንም የሚያስቅ ነገር አላለችም!»

«ዝም በይ» አለችኝ እማዬ። «ተይው፣ ይሳቅ።» «ተሸነፉ» አላለችውም። ሶፋው ላይ ወደ መሃል ተጠጋች፣ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ክንዱን ያዘችው፤ ሹፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ እስኪነፋ ድረስ እንደዚያው ተቀመጡ።

እኔና እማዬ በዚያው ቀን ሄድን። አባዬ በእጁ የነበረውን ሥራ ጨርሶ፣ የዳኛውን ሶፋ በራሱ ትከሻ አድርሶ፣ መዶሻውንና አክስቴን ይዞ ተከተለን፤ አክስቴ ጥርሷን በብርጭቆ ታቅፋ ነበር። ከፋብሪካው ማዶ የወንበር መጠገኛ ከፈተ። ሰው ስሙን ሲጠይቀው «የአለቃዋ ባል» ይል ነበር፤ እማዬ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቃለች።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቤቴ ጨዋነት መተንፈስ ሲያቅተኝ ወደ እነሱ ሄድኩ። አርጅተዋል። አሮጌው ሶፋቸው ላይ ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ስለ መስኮት ይከራከሩ ነበር፤ እሱ ይከፈት፣ እሷ ይዘጋ። የአባዬ ጆሮ ስለደከመ ቀልዱም በጩኸት ሆኗል። እኔ እንደ ልማዴ ቆሜ፣ ለዘመናት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ያን ቀን ምን አሳቀህ?»

«የቱ ቀን?»

«በዳኛው ሶፋ ላይ! የሄድን ቀን!»

ሊገባው ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ይህ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይን አየኝ።

«ተራዬ ነበራ» አለ።

እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ንቅንቅ ሲል አየሁ። እኔ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለች፣ ሳትዞር። «ሻይ እንኳ ሳትጠጪ?»

«ቤቴ» አልኳት። «ሻይ የሚቀዳልኝ ሰው አለ።»